ዓሣ ከመግዛትዎ በፊት ቅጠል ይትከሉ

እርስዎም እንደኔ ከሆኑ ነገሩ የሚጀምረው በልጅ ልመና ነው። ልጅዎ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ወረፋ ስትጠብቅ ያየችው አኳሪየም ከአእምሮዋ አልወጣም። ውሻ ለኮንዶሚኒየም አይመችም፤ ድመት ደግሞ ባለቤትዎ አይወዱም። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መስታወቱን፣ ፓምፑን፣ ሰማያዊ ቀለም የተቀባውን ጠጠር፣ ሁለት እቅፍ የፕላስቲክ ቅጠልና ውሃ በተሞላ ላስቲክ ውስጥ የሚተራመሱ ሰባት ዓሦች ይዘው ወደ ቤት ይገባሉ። ማታውኑ ሁሉም ነገር ሳሎን ውስጥ ይደረደራል፤ መብራቱ ይበራል፤ ቤተሰቡም ቴሌቪዥኑን ትቶ እሱን ማየት ይጀምራል።

በእኛ ቤት ይህ ደስታ የቆየው አሥር ቀን ብቻ ነው። በአራተኛው ቀን አንዷ ዓሣ ውሃው ላይ ተገልብጣ ተገኘች። በሰባተኛው ቀን ሌሎች ሁለት ሞቱ። በአሥረኛው ቀን ከሰባቱ የቀሩት ሁለት ነበሩ። እኔም የሰባት ዓመት ልጄን ከመስታወቱ ፊት አቁሜ፣ «ስንቴ ነው ምግብ አታብዢ ያልኩሽ?» አልኳት። አልመለሰችልኝም። ከዚያ ቀን በኋላ ወደ አኳሪየሙ መጠጋት አቆመች፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እንኳ በሌላኛው የሶፋ ጥግ ታልፍ ነበር።

እውነቱን ያወቅኩት ከብዙ ሳምንታት በኋላ ነው። ዓሦቹን የገደለው የልጄ እጅ አልነበረም። የእኔ ችኮላ ነበር። ይህን ጽሑፍ የምጽፍልዎትም እርስዎ ያንን ንግግር ለልጅዎ እንዳይናገሩ ነው።

ውሃው ንጹሕ መስሎ ሲመርዝ

ዓሣ የሚኖረው በራሱ መጸዳጃ ውስጥ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከሰውነቱ የሚወጣው ዋናው ቆሻሻ አሞኒያ ሲሆን፣ የተረፈው ምግብ ሲበሰብስም የሚፈጠረው ያው አሞኒያ ነው። አሞኒያ በውሃ ውስጥ አይታይም። ውሃው እንደ ምንጭ ጠርቶ ሳለ ዓሣው ይታመማል፣ ምግብ ይተዋል፣ ከውሃው ወለል ሥር ሆኖ አፉን ይከፍታል፣ ከዚያም ይሞታል።

በተፈጥሮ ይህንን መርዝ የሚያስወግዱ ባክቴሪያዎች አሉ። አንዱ ቡድን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፤ ይህም ራሱ መርዝ ነው። ሌላው ቡድን ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጣል፤ ናይትሬት እጅግ ካልበዛ በቀር ዓሣ አይጎዳም። ችግሩ እነዚህ ባክቴሪያዎች በአዲስ አኳሪየም ውስጥ አለመኖራቸው ነው። በጠጠሩና በፊልተሩ ስፖንጅ ላይ ተራብተው ሥራቸውን ለመሥራት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጅባቸዋል። እኛ ግን ሰባት ዓሣ በመጀመሪያው ማታ ጨመርን። ሻጩም «ወዲያው መጨመር ይቻላል» ብሎን ነበር። እኔ ራሴ ማርኬቲንግ ላይ ስለምሠራ አልፈርድበትም፤ ዕቃውንም ዓሣውንም በአንድ ቀን ለመሸጥ የሚፈልግ ሰው ስድስት ሳምንት ጠብቅ ሊለኝ አይችልም።

እዚህ ላይ ነው የሕያው ተክል ነገር የሚመጣው። ብዙዎቹ የውሃ ውስጥ ተክሎች ናይትሮጅን ሲፈልጉ ከናይትሬት ይልቅ አሞኒያውን ያስቀድማሉ። ማለትም ዓሣውን የሚገድለው ነገር ለተክሉ ምግብ ነው፤ ባክቴሪያው እስኪራባም አይጠብቅም። በመጀመሪያው ቀን አኳሪየሙን በፍጥነት በሚያድግ ተክል ከሞሉት፣ የሚጸዳው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው። የእኛ የፕላስቲክ ቅጠል ግን ምንም አይበላም ነበር።

ይህን እንዳነበብኩ ማታውኑ ለልጄ ነገርኳት። ዓሦቹ የሞቱት በምግቡ ሳይሆን እኔ ባለማወቄ መሆኑን ነገርኳት። ጥቂት ዝም አለችና «ታዲያ አባዬ፣ ለምን እኔ ነኝ አልከኝ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ይቅርታ ጠየቅኳት፤ በነጋታውም አብረን ተክል ፍለጋ ወጣን።

ሆዳም ተክል ይምረጡ

ማንኛውም የውሃ ተክል ግን ይህን አይሠራም። ለምሳሌ አኑቢያስ የሚባለው የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ተክል ቆንጆና ጠንካራ ነው፤ እንጨት ላይ ታስሮ ዓመታት ይኖራል። ግን አንድ አዲስ ቅጠል ለማውጣት ሳምንታት ይፈጅበታል። ቀስ ብሎ የሚያድግ ቀስ ብሎ ይበላል። እርስዎ የሚፈልጉት ሆዳሙን ነው፤ እሱም ባለ አገዳው ተክል ነው።

ባለ አገዳ የምንለው አንድ ቀጥ ያለ አገዳ ወደ ላይ እየሰደደ በየአንጓው ቅጠል የሚያወጣውን ነው። ምስጢሩ ያለው አንጓው ላይ ነው። ከአንጓው ቅጠል ይወጣል፤ ከአንጓው ቅርንጫፍ ይወጣል፤ አፈር ወይም ጠጠር ውስጥ ከገባም ከዚያው አንጓ ሥር ይወጣል። ስኳር ድንች ሲተከል አይተው ከሆነ ነገሩ ያው ነው፤ ሐረጉ ተቆርጦ መሬት ውስጥ ይገባል እንጂ ዘር አይዘራም። ስለዚህ አምስት አገዳ የገዛ ሰው በጥቂት ወራት ውስጥ ሃምሳ አገዳ ሊኖረው ይችላል።

በቤቴ ከሞከርኳቸው ውስጥ ለጀማሪ የምመርጣቸው ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው ሆርንዎርት ነው። የጥድ ቅርንጫፍ የሚመስል፣ ቅጠሉ እንደ መርፌ የቀጠነ ተክል ነው። ጨርሶ ሥር የለውም፤ ምግቡን የሚወስደው በቅጠሉና በአገዳው ከውሃው በቀጥታ ነው። ስለዚህ መትከል እንኳ አያስፈልግዎትም፤ ጣል ያድርጉትና ይንሳፈፍ። ከሁሉም ይልቅ ፈጣኑ እሱ ነው። አንድ ጠባይ ግን አለው፤ ቦታ ሲለውጥ ተናዶ መርፌዎቹን ያራግፋል፤ ፊልተርዎም በእነሱ ይሞላል። ሲለምድ ይተወዋል። ይህ ተክል በብዙው የዓለም ክፍል በተፈጥሮ የሚገኝ ሲሆን ጣናን ጨምሮ በአገራችን ሐይቆችም ይበቅላል።

ይህን ሲሰሙ ግን ቅዳሜና እሑድ ወደ ሐይቅ ወርደው ነቅለው ለማምጣት እንዳያስቡ። በብዙ ሐይቆቻችንና ወንዞቻችን ዳርቻ ቅጠል መካከል የሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች የቢልሃርዚያን ጥገኛ ትል ያስተላልፋሉ፤ ትሉ ቆዳን ሰርስሮ ነው የሚገባው። ለአንድ እፍኝ ቅጠል ብለው ልጆችዎን ውሃ ውስጥ አያስገቡ።

ሁለተኛው ኢጄሪያ ነው፤ ገበያ ላይ ብዙ ጊዜ ኢሎዲያ ይሉታል። ከደቡብ አሜሪካ የመጣ፣ ትናንሽ ጠባብ ቅጠሎቹ አገዳውን ዙሪያውን የከበቡት ተክል ነው። ለአዲስ አበባ ሰው ትልቁ ጥቅሙ ቀዝቃዛ ውሃ መውደዱ ነው። በክረምት ውሃው 18 ዲግሪ ቢወርድም አያቆምም።

ሦስተኛው ሃይግሮፊላ ነው። ከዚህ ቤተሰብ ዊስተሪያ የሚሉት ዓይነት ውሃ ውስጥ ሲያድግ ቅጠሉ እንደ ዳንቴል ተበጣጥሶ ያምራል፤ ከውሃ ውጭ ሲያድግ ደግሞ ያው ተክል ድፍን ቅጠል ያወጣል። የቅርብ ዘመዱ የሆነው ሃይግሮፊላ ፖሊስፐርማ የሚባለው ደግሞ እጅግ በርቺ ከመሆኑ የተነሣ በአሜሪካ በፌዴራል መንግሥት የጎጂ አረሞች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። አንድን ተክል አረም ያሰኘው ጠባይ ለእኛ መስታወት ውስጥ ጥሩ ሠራተኛ ያደርገዋል።

ቀዩንና ሮዙን ተክል ለጊዜው ይተዉት። ሉድዊጂያ ሲቀላ ደስ ይላል፤ ነገር ግን በደካማ መብራት ቅላቱ ይደበዝዛል። ካቦምባም እንደዚሁ ነው፤ በሱቅ ውስጥ ዓይንን ይስባል፤ በቤት መብራት ግን ታቹ ተመልጦ ጫፉ ብቻ ይቀራል። በአዲስ አበባ የዓሣ መሸጫዎች ተክል ሁልጊዜ አይገኝም፤ ሲገኝም ሻጩ ስሙን ላያውቀው ይችላል። ስለዚህ በስሙ ሳይሆን በመልኩ ይፈልጉት።

ያለ ሲሊንደር፣ ያለ ውድ መብራት

ኢንተርኔት ላይ የሚያዩዋቸው እንደ መናፈሻ የተዋቡ አኳሪየሞች አብዛኞቹ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደር፣ ኃይለኛ መብራትና በየቀኑ የሚጨመር ማዳበሪያ አላቸው። ሎው ቴክ የሚባለው መንገድ ይህን ሁሉ ይተዋል። ዳያና ዎልስታድ የተባለች አሜሪካዊት በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ ይህንን መንገድ በሰፊው አስተዋውቃዋለች። ሐሳቧ ቀላል ነው፤ የዓሣው ምግብ በመጨረሻ የተክሉ ማዳበሪያ ይሆናል፤ ዓሣውና በአፈሩ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች የሚያወጡት ካርቦን ዳይኦክሳይድም ለተክሉ ይበቃል።

60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 30 ወርድና 35 ቁመት ያለው መስታወት ለቤተሰብ ይበቃል። 63 ሊትር ገደማ ይይዛል። ከዚህ የሚያንሰውን፣ በተለይ ክብ የሆነውን ትንሽ ጎድጓዳ መስታወት ባይገዙ ይመረጣል፤ ውሃ ባነሰ ቁጥር ስሕተት የመሸከም አቅሙም ያንሳል። ሲሞላ ከጠጠሩና ከመስታወቱ ጋር ወደ 90 ኪሎ ሊጠጋ ስለሚችል የቴሌቪዥን ጠረጴዛ ላይ አያስቀምጡት። ፀሐይ በቀጥታ ከሚገባበት መስኮትም ያርቁት፤ አለዚያ በሁለት ሳምንት ውስጥ አልጌ መስታወቱን ያለብሰዋል።

ከታች አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል የታጠበ ደቃቅ ጠጠር ወይም ሸካራ አሸዋ ያድርጉ። ከግንባታ ቦታ የተገኘ ከሆነ ጥቂቱን በኩባያ አድርገው አቼቶ ያፍስሱበት። አረፋ ከሠራ ኖራ ድንጋይ አለበትና ውሃውን ያከብደዋል፤ ሌላ ይፈልጉ። የዎልስታድን መንገድ ለመከተል የሚፈልጉ ከጠጠሩ ሥር ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ማዳበሪያ ያልነካው የጓሮ አፈር ያነጥፋሉ። እኔ አልሞከርኩትም። ሳሎኔን ጭቃ ማድረግ ፈራሁ፤ ባለ አገዳ ተክል ደግሞ ያለ አፈርም ያድጋል።

ለመብራት ተራ ነጭ ኤልኢዲ ይበቃል፤ ለዚህ መጠን አሥር ዋት ገደማ፣ ማሸጊያው ላይ 6500 ኬልቪን የሚል ካገኙ ይምረጡት። ዋናው ነገር ሰዓቱ ነው። በቀን ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት፣ ከዚያ አይበልጥም። ስናመሽ አብርተን፣ ስንነሣ አብርተን እያልን 14 ሰዓት ያበራንበት ሳምንት ውሃው ምስር ወጥ መሰለ። ርካሽ ታይመር ገዝተው ከማታ 11 ሰዓት ተኩል አካባቢ ጀምሮ እንዲበራ ቢያደርጉት ቤተሰቡ በሚሰበሰብበት ሰዓት ያዩታል።

ውሃን በተመለከተ፣ የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለበት። ሰፊ አፍ ባለው ባልዲ ውስጥ ከ24 ሰዓት በላይ ክፍት አድርገው ያሳድሩት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ያሉ ሰዎች ሮቶ ውስጥ የቆየውን ሊጠቀሙ ይችላሉ፤ እሱንም ቢሆን አንድ ሌሊት በባልዲ ሳሎን ውስጥ ማሳደሩ ቅዝቃዜውን ይሰብርለታል።

እቅፉን ይፍቱት

ተክል የሚሸጠው አምስት ስድስት አገዳ በላስቲክ ወይም በቀጭን ብረት ታስሮ ነው። ብዙ ሰው እንደታሰረ ጠጠር ውስጥ ይሰካዋል። የታሰረበት ቦታ ይበሰብስና በሳምንቱ ሁሉም ይንሳፈፋል።

እቅፉን ይፍቱ። ከእያንዳንዱ አገዳ ሥር የጠቆረውን ክፍል በስለታም መቀስ ይቁረጡ። ከታች ካሉት ሁለት ሦስት አንጓዎች ላይ ቅጠሉን ይልቀሙ፤ የተላጩት አንጓዎች ጠጠር ውስጥ የሚገቡት ናቸው። ከዚያ አንድ በአንድ፣ በሁለት ጣት ርቀት፣ ትንሽ ዘንበል አድርገው ይትከሉ። ቀጥ ብሎ የተተከለ ቶሎ ይወጣል፤ ዘንበል ያለ ይያዛል። ረጅም ወረንጦ ካለዎት ጥሩ ነው፤ ከሌለዎት የልጅ ጣት ከወረንጦ ይሻላል። በእኛ ቤት ኋለኛውን ረድፍ የተከለችው ልጄ ናት፤ እጇ እስከ ብብቷ ርሶ፣ ከቅዳሜ ጠዋት እስከ ምሳ።

አይቆጥቡ። ከወለሉ ግማሽ የሚበልጠውን ከመጀመሪያው ቀን መሸፈን አለብዎት። ሦስት አገዳ ብቻ ተክለው ይበዛል ብለው ከጠበቁ፣ የተረፈውን ምግብ የሚበላው አልጌው ነው።

ዓሣ ገና ነው። ተክሉ ብቻ ሦስት አራት ሳምንት ይቀመጥ።

ሲቀልጥ አይጣሉት

አሁን ገንዘቤን ያስበላኝን ስሕተት ልንገርዎት። የመጀመሪያው ሃይግሮፊላ በተተከለ በዘጠኝ ቀኑ ቅጠሉ ተቦርቡሮ፣ ቡናማ ሆኖ፣ ልክ እንደተቀቀለ ጎመን ተልፈሰፈሰ። ሞተ ብዬ ነቅዬ ጣልኩት። ሌላ ገዛሁ። እሱም በሳምንቱ ያንኑ ሆነ። ሁለተኛውን ልጥል ስል ልጄ «አባዬ፣ ጫፉ ላይ እኮ አረንጓዴ አለ» ብላ ከለከለችኝ።

ትክክል ነበረች። ለሽያጭ የሚቀርቡ ብዙዎቹ ባለ አገዳ ተክሎች የሚያድጉት ውሃ ውስጥ ሳይሆን እርጥበት ባለው አየር ውስጥ ነው፤ እንዲህ ሲሆን ቶሎ ያድጋሉ፣ ለማጓጓዝም ይመቻሉ። በአየር ላይ የወጣ ቅጠል ወፍራምና ሰም የለበሰ ነው። ውሃ ውስጥ ጋዝ ከአየር ይልቅ አሥር ሺህ ጊዜ ያህል ቀርፎ ስለሚንቀሳቀስ ያ ቅጠል መተንፈስ ያቅተዋል። ስለዚህ ተክሉ አሮጌውን ልብስ ይጥላል፤ በውስጡ የነበረውን ምግብ ወደ ጫፉ ወስዶ ቀጭን፣ ለውሃ የሚሆን አዲስ ቅጠል ያወጣል። የቀለጠውን ቅጠል ለቅመው ያውጡ፤ አገዳው ሲነኩት ጠንካራ ከሆነና ጫፉ አረንጓዴ ከሆነ ግን አይንኩት። በእኛ ቤት ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ በሳምንት አራትና አምስት ሴንቲ ሜትር ማደግ ጀመረ። ልጄ መስታወቱ ላይ በውጭ በኩል በማርከር ምልክት ታደርግበታለች፤ እስካሁን አልተወለወለም።

ስለ ከፍታችን አንድ ነገር

የውጭ መጻሕፍት ለ60 ሊትር ይህን ያህል ዓሣ ብለው ሲጽፉ የሚጽፉት ለባሕር ዳርቻ ሰው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ውሃም የሚይዘው ኦክስጅን በዚያው ልክ ይቀንሳል። 24 ዲግሪ የሞቀ ውሃ በባሕር ወለል ላይ በሊትር 8.4 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ እዚህ 6.3 ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ መጽሐፉ አሥራ ሁለት ካለዎት እርስዎ ስምንት ይበሉ። እኛ በስድስት ጋፒ ጀመርን፤ ጋፒ ደግሞ ራሱ ይዋለዳልና ቁጥሩ ያሳስብዎት እንጂ አያንስዎትም።

ጎልድፊሽ ከፈለጉ ይህ መስታወት ይጠብበታል፤ ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ሊያድግ ይችላል፤ ተክልዎንም እንደ ሰላጣ ይበላዋል።

ተክል ቀን ቀን ኦክስጅን ይሰጣል፤ ሌሊት ግን እንደ ዓሣው እሱም ኦክስጅን ይወስዳል። ስለዚህ ተክል አለኝ ብለው ፓምፑን ማታ አያጥፉ። መብራት ሌሊት ሲጠፋና ሲቆይ፣ በኩባያ ውሃውን እየቀዱ ከአንድ ጣት ስንዝር ከፍታ ላይ መልሰው ማፍሰስ ብዙ ይረዳል። እኔ በአንድ የሐምሌ ሌሊት በሻማ ብርሃን ይህንን ሳደርግ ባለቤቴ አይታ የሳቀችው ሳቅ አሁንም በየዘመድ ጥየቃው ይነሣብኛል። ስድስቱም ጋፒዎች ግን አደሩ። ለጋፒ ውሃው 24 ዲግሪ አካባቢ እንዲሆን በአዲስ አበባ ብርድ ትንሽ ሂተር ያስፈልግዎታል። ድሬዳዋ ወይም ሐዋሳ ያሉ አንባቢዎች ይህን ወጪ ብዙ ጊዜ ሊዘሉት ይችላሉ፤ ድሬዳዋ ላይ እንዲያውም ጭንቀትዎ ሙቀቱ ይሆናል።

ለልጅ የሚሆን ሥራ

ምግብ በቀን አንድ ጊዜ፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚያልቅ ብቻ። ልጄ አሁን በሻይ ማንኪያ ጫፍ ትሰፍራለች፤ ከመጀመሪያው እንዲህ ብናደርግ ኖሮ ያን ንግግር አልናገረውም ነበር። በሳምንት አንድ ቀን ከውሃው አንድ አራተኛውን በቀጭን ጎማ ቀድተው በባልዲ ባደረው ይተኩ። የወጣውን ውሃ አይድፉት፤ ለአበባ ማሰሮ ከእሱ የተሻለ የለም።

ቅጠሉን ማንበብ ይልመዱ። አሮጌው ቅጠል ላይ በመርፌ የተወጋ የሚመስል ቀዳዳ ካዩ፣ በተለይ ሃይግሮፊላ ላይ፣ ብዙ ጊዜ የፖታስየም እጥረት ነው። አዲሱ ጫፍ ገርጥቶ የሚወጣ ከሆነ ብረት ያንሰዋል። የዓሣ ምግብ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ በበቂ ይሰጣል፤ እነዚህን ሁለቱን ግን አንዳንዴ በአኳሪየም ፈሳሽ ማዳበሪያ ማሟላት ያስፈልጋል። ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ግማሹን ይጠቀሙ፤ የተጻፈው ባለ ሲሊንደሮችን አስቦ ነው።

ከውሃ ለውጥ በኋላ መብራቱ ሲበራ ቅጠሎቹ ላይ እንደ ዶቃ የሚደረደሩ ትናንሽ አረፋዎች ያያሉ። ያን ኢንገንሃውስ የተባለ የኔዘርላንድ ተወላጅ ሐኪም በ1779 እ.ኤ.አ. ያስተዋለው ይህንን ነበር፤ ውሃ ውስጥ የገባ ቅጠል በፀሐይ አረፋ ይሠራል፤ በጨለማ ያቆማል። ልጅዎ ከአምስተኛ ክፍል በላይ ከሆነች ይህን ቤት ውስጥ ልትሠራው ትችላለች። አንድ የኢጄሪያ ቁራጭ የተቆረጠው ጫፉ ወደ ላይ ሆኖ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ይግባ፤ ቁንጥር ቤኪንግ ሶዳ ይጨመርበት፤ ይህ በብርጭቆው እንጂ በአኳሪየሙ አይደረግ። መብራት በ10 ሴንቲ ሜትር ርቀት አስጠግተው በደቂቃ የሚወጣውን አረፋ ትቁጠር፤ ከዚያ በ20፣ ከዚያ በ40። የእኔዋ ገና ሁለተኛ ክፍል ብትሆንም ቆጥራለች፤ ስትቆጥር ተሳስታ ሦስት ጊዜ እንደገና ጀምራለች።

መቀሱ ሲገባ

አገዳው የውሃው ወለል ላይ ሲደርስ መከርከም አለበት። አለዚያ ላዩ ተንጥፎ ታቹን ብርሃን ይከለክለውና ታችኛው ቅጠል ይረግፋል። ከጫፉ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር፣ ከአንድ አንጓ ከፍ ብሎ ይቁረጡ። የቀረው ግንድ ከአንጓው ሁለት አዲስ ጫፍ ያወጣል፤ የተቆረጠውን ጫፍ ደግሞ ታቹን ልጠው አጠገቡ ይትከሉ። ሦስት አራት ጊዜ ከተከረከመ በኋላ አሮጌው ግንድ ይዝላል፤ ያኔ ከነሥሩ ነቅለው ለጋውን ጫፍ ብቻ ይተኩ። በየጊዜው ከውሃው የሚያወጡት እፍኝ ቅጠል ተክሉ የበላውን ቆሻሻ ይዞ ነው የሚወጣው። ክርከማው ራሱ ጽዳት ነው።

ከዚያ በኋላ ችግርዎ ትርፉ ይሆናል። እዚህ ላይ አጥብቄ የምለምንዎት ነገር አለ፤ ወደ ወንዝ፣ ወደ ኩሬ፣ ወደ ጎርፍ መውረጃ አይጣሉት። እምቦጭ ጣና ላይ መታየቱ ከተነገረበት ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ስንት ሰው በእጁ ሲነቅለው እንደኖረ ሁላችንም አይተናል፤ እምቦጭም የመጣው ከደቡብ አሜሪካ ነው፤ ከአገሩ ያወጣውም የአበባው ማማር ነው። ኢጄሪያ ከአንዲት ቁራጭ አገዳ እንደገና የሚነሣ ተክል ነው። ትርፉን በረንዳ ላይ ፀሐይ ያድርቁትና ከአበባ ማሰሮ አፈር ጋር ያደባልቁት።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ለሰው መስጠት ነው። ስለዚህ ገና ሊጀምሩ ካሰቡ ከመግዛትዎ በፊት አኳሪየም ያለው ጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ ይጠይቁ፤ ተክል ያለው ሰው ሁሉ በየሁለት ሳምንቱ የሚጥለው ባልዲ ሙሉ ቅጠል አለው፤ ያውም ውሃ ለምዶ ያደገ ስለሆነ አይቀልጥብዎትም። ባለፈው ወር ልጄ ለክፍል ጓደኛዋ አሥራ ሁለት አገዳ ወስዳለች። በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልላ፣ በላስቲክ ከረጢት አድርጋ፣ አየር እንዳይገባው አፉን ቋጥራ ነው የወሰደችው፤ እንዲህ ከሆነ አንድ ሁለት ቀን ይቆያል። ከላዩም በእስክሪብቶ «መጀመሪያ ይሄ፣ ዓሣው ከአንድ ወር በኋላ» ብላ ጽፋበታለች።